እያፏጨ የሚገባ ሌባ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። የሰው ግቢ ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ? አጥሩ ጋ ቆም ትሉና ጉሮሯችሁን ትጠርጋላችሁ። ኡሁ ኡሁ ትላላችሁ። ከዚያ «ቤቶች!» ብላችሁ፣ ከውስጥ «ግቡ!» እስክትባሉ የጫማችሁን ጭቃ እየጠራረጋችሁ ትቆማላችሁ። እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። ኮቴውን አጥፍቶ የሰው ግቢ የሚገባ ወይ ሌባ ነው ወይ መርዶ ነጋሪ።

እንግዲህ በዚህ ወግ ያደገች፣ ዕድሜዋ ሃምሳን የታከከ፣ አንደኛ ክፍል የምታስተምር፣ ስታነጥስ ሦስተኛው ጎረቤት «ይማርሽ» የሚላት ሴት፣ ኮቴን አጥፍቶ የሰው ግንብ መግባት የሚያስተምር ጌም ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት? ጥሩ ጥያቄ ነው። ባሏ ከጣሪያ ወድቆ ነው።

ባሌ ሐሮን ይባላል። የመንጌ ልጅ ነው፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው። አሶሳ ውስጥ ቴሌቪዥኑ የሞተበት፣ ራዲዮው የታፈነበት፣ ዲሹ ከሰማይ ጋር የተኳረፈበት ሰው ሁሉ ወደሱ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ አባቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚሁ አሶሳ የወለደኝ ነኝ። ሐሮን አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። አሁን አቀላጥፎ ይናገረዋል፤ ብቻ ሲደነግጥ አንተና አንቺ ይምታታበትና እኔን ወንድ ያደርገኛል። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር እባብ ባየን ቁጥር፣ ወተት በገነፈለ ቁጥር ወንድ ሆኛለሁ። ለምጄዋለሁ። እንዲያውም «አንተ!» ሲለኝ ነገሩ የምር እንደሆነ ገብቶኝ ነው የምሮጠው።

ዘንድሮ ዝናቡ ሊገባ ሲል የሰው ዲሽ ሊያስተካክል ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሌሊት ሲያካፋ አድሮ ቆርቆሮው ያሟልጫል። ሰው ከጣሪያ ሲወድቅ ፈጣሪውን ይጠራል፤ የኔ ባል ግን «ዲሹን ያዙት!» እያለ ነው የወረደው አሉ። ዲሹ ተረፈ። የማንጎው ቅርንጫፍ ትንሽ ያዝ አድርጎት ነፍሱም ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እጁ ግን አንጓው ላይ ተሰበረ።

ጄሶው የተፈታ ቀን አብሬው ነበርኩ። ሐኪሙ እጁን እያገላበጠ አየና «አጥንቱ ገጥሟል፤ ከዚህ በኋላ ሥራው ያንተ ነው» አለው። «ጣቶችህን በየቀኑ እጠፍ፣ ዘርጋ። ያማል። ካላንቀሳቀስካቸው ግን እንደዚሁ ደርቀው ይቀራሉ።» ሐሮን እሺ አለ። ቤት መጣ፣ እጁን ትራስ ላይ አስቀመጠ፣ አለቀ። የሰው ዕቃ በአደራ እንደተቀበለ ሰው እያየው ዋለ። «እስቲ ትንሽ እጠፋት» ስለው «ነገ» ይለኛል። ነገ ስለው ያመዋል። ያመዋል ብቻም አይደለም፣ ፈርቷል። ያቺን የጤፍ ፍሬ የምታክል ብሎን በሁለት ጣቱ አንስቶ ቀዳዳዋ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው እኮ። ሞክሮ እምቢ ቢሉትስ? ስላልሞከረ እስካሁን እምቢ አላሉትም። እኔ ይሄ ገብቶኛል፤ ግን የገባኝን ነገር ለባል መንገር ከባድ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመሣሪያ ሳጥኑን አስመጣኝና ከፈተው። ካቻቢቴዎቹ በየቁመታቸው ተሰልፈዋል፣ ፒንሳው አለ፣ ቴስተሩ አለ። በግራ እጁ ዳበሳቸውና ክዳኑን መልሶ ዘጋው።

«ለኸሊፋ አድርሽለት» አለኝ። ኸሊፋ ገበያው ጋ የሚሠራ የሙያ ጓደኛው ነው።

«አበድረኝ ብሎህ ነው?»

«አልጠየቀኝም። ውሰጂለት። መሣሪያ ካልሠራ ይዝጋል። ሱቁንም እለቃለሁ።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳየው ግን መልሼ ዘጋሁት። ሳጥኑን ተሸክሜ ወጣሁ። ጥግ ድረስ ሄድኩና ቆምኩ። ያ ሳጥን ከዚህ ቤት ከወጣ ሐሮንም አብሮ እንደሚወጣ ታወቀኝ። ከኋላ ዞርኩ፣ በጓሮ በኩል የቀርከሃው አጥር ላላ ያለበት ቦታ አለ፣ በሱ ሾልኬ ገባሁና ጓዳ ውስጥ ባዶውን የበቆሎ በርሜል ከፍቼ አስቀመጥኩት። ላዩ ላይ ጆንያ ጣል አደረግኩበት። ከዚያ በፊት በር ዞሬ እንደ ደህና ሰው «ሰጥቼው መጣሁ» አልኩ። በሕይወቴ ኮቴዬን አጥፍቼ ግቢ የገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የገዛ ግቢዬ ነው። አሁንም ድረስ በዚያች ስርቆቴ እኮራለሁ።

ከዚያ በኋላ ሐሮን የሚያየው ጌሙን ብቻ ሆነ። ሦስት የሞቱ ማሽኖች አፍርሶ አንድ ነፍስ ያለው የሠራው የጌም ማሽን አለው። ከሥራ ሲገባ አንድ አንድ ሰዓት ይጫወትበት ነበር። ጌሙ ስለ አንድ ኮፍያ ለባሽ ሌባ ነው። እህቱን አንድ ጨካኝ ንጉሥ ሰባት በር ባለው ግንብ ውስጥ አስሮበታል፤ ሌባው በጥላ ጥላ እየተደበቀ፣ ዘበኞቹ ሳያዩት፣ በር በበር አልፎ ሊያወጣት ነው። በየበሩ መጨረሻ አንድ ጉልቤ አለ፤ ጉልቤውን ቦስ ይሉታል። ሐሮን ከመውደቁ በፊት ስድስቱን ቦስ አልፎ ሰባተኛው በር ጋ ደርሶ ነበር። ለየቦሱ የተሰጠውን ነጥብም አንድ ሳያባክን አጠራቅሟል። በነጥቡ ለሌባው አዲስ ችሎታ ይመረጥለታል።

ጨዋታው ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጆይስቲኩ በግራው በኩል ሌባውን ያስኬዳል፣ በቀኙ በኩል ያስደብቃል፣ ያዘልላል፣ ያስመታል፣ ያስፏጫል። ሐሮን በግራ እጁ ብቻ ሲሞክረው ያ ምስኪን ሌባ መሄድ እንጂ ሌላ ነገር የማያውቅ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ግንብ ሲገፋ ዋለ። አራተኛው ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ቁጭ እንዳልኩ ሐሮን ዞር ብሎ አየኝ።

«እጅ አበድሪኝ» አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ። እሱ ግራውን ያዘ፣ እኔ ቀኙን ያዝኩ። አንዲት ጆይስቲክ ለሁለት ስትያዝ ትከሻ ለትከሻ መጣበቅ ግድ ነው። ከሰርጋችን ቀን ወዲህ እንዲያ ተጠጋግተን ተቀምጠን አናውቅም፤ ያኔም ፎቶ አንሺው ጠጋ በሉ ብሎን ነው። ውስጤ እንደ ልጃገረድ ደስ አለው። ለሱ ግን አልነገርኩትም፣ አፍራለሁ።

የመጀመሪያው አጥር ጋ ደረስን። እሱ ሌባውን ቀስ አድርጎ አስገባ። እኔ ደግሞ በቀኝ አውራ ጣቴ አንዷን በተን ተጫንኩ። ሌባው ከንፈሩን ሰብስቦ ፊ-ው-ው! አለ። አራት ዘበኛ ጦር ሰብቆ መጣ።

«አንተ! ለምን አፏጨህ?» አለ ሐሮን።

«ግቢ ገባን እኮ!»

«ሌባ ነን!»

«ቢሆንስ!»

ሞትን። እንደገና ተነሳን። ሌላ አጥር ደረስን፣ ጣቴ ሄደች፣ ፊ-ው-ው! ወላሂ ሆን ብዬ አይደለም። እጄ ከኔ ይልቅ የእናቴን ትእዛዝ ነው የሚሰማው። ሐሮን መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ አምስተኛው ላይ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ዞር ብዬ ሳየው እየሳቀ ነው። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ለዚያ ሳቅ ስል ሌላ አሥር አጥር ላይ ማፏጨት እችል ነበር፤ አፏጨሁም።

በዚህ መሀል ጋሽ ተሊላ አሉ። ጋሽ ተሊላ ጎረቤታችን ናቸው፤ የወለጋ ሰው ሆነው ዕድሜያቸውን ባምባሲ መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ዘበኛ። በየቀኑ ሐሮንን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ በየቀኑም በፌስታል ማንጎ ይዘው ይመጣሉ። አሶሳ ውስጥ በማንጎ ወቅት ማንጎ ይዞ መምጣት ለቀባሪው አረዱት ነው። የኛው ዛፍ እንኳ ጣሪያችን ላይ ዷ! ዷ! እያደረገ ያስደነብረናል። ግን የጠያቂ እጅ ባዶ አይመለስም፣ እንበላለን። ስለዚህ ጌሙን የምጫወተው በማንጎ ጭማቂ በተለቃለቀ ጣት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ጋሽ ተሊላ መጀመሪያ ቀን ቴሌቪዥኑን አዩና ኮስተር አሉ። «ይሄ ሰውዬ ሥራው ምንድነው?»

«ሌባ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ያ ዋቃ! እናንተ ደግሞ ሌባውን ነው የምትረዱት?»

እህቱን ሊያስፈታ እንደሆነ አስረዳናቸው። በእህቱ ነገር ተስማሙ፤ ልባቸው ግን ከዘበኞቹ ጋር ቀረ። አንዱ ዘበኛ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሲቆም «ይሄንን ማነው የቀጠረው?» ብለው ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ሌላው ሲያንቀላፋ «አይ፣ ይሄስ ደክሞት ነው፣ ልጆች አሉት» ይላሉ። እኛ አንዱን አልፈን ስንሄድ እሳቸው በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሰባተኛውን ቦስ ከመግጠማችን በፊት ነጥቡን ማውጣት አለብን። የችሎታው ገጽ ተከፈተ፤ እንደ ሱቅ መደርደሪያ ሥዕል በሥዕል ነው። ሐሮን የሚፈልገውን ያውቃል። አንድ ትልቅ ችሎታ አለ፣ ከጀርባ አንቆ ድምፅ ሳያሰሙ መጣል። ያጠራቀመው ነጥብ በሙሉ ተሟጦ እሷን ብቻ ነው የሚገዛው።

«ይሄ ከሌለን ሰባተኛውን ቦስ አናልፈውም» አለኝ።

«ሰው አንቄ አልጥልም። አስተማሪ ነኝ።»

«ጠይብ፣ ይሁን፣ ስመለስ እንነጋገራለን» ብሎ አሱር ሊሰግድ ወጣ።

እኔና ያ ገጽ ብቻችንን ቀረን። ልመልከት ብዬ ነው፣ በአላህ። ሌባውን አየሁት። ያቺ የያዛት ከረጢት ሁለት ቅጠል መድኃኒት እንጂ አትይዝም። ያን ሁሉ ግንብ ያለ ስንቅ! ትልቅ ከረጢት መረጥኩለት። ከረጢት ሲገኝ ደግሞ የሚሞላው ያስፈልጋል፣ ቁስል የሚያደርቅ ቅጠል መረጥኩለት። የተረፈውን ነጥብ ሩቅ ፉጨት የሚባለው ላይ አዋልኩት። ሌባው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ፉጨቱ ሌላ ቦታ ይሰማል። ማፏጨቴ እንደሁ አልቀረልኝ፣ ከሩቅ ከሆነ ነውሩ ይቀንሳል ብዬ ነው። ማሽኑ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ በእንግሊዝኛ። አስተማሪ እርግጠኛ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ተጫንኩ።

ሐሮን ሰግዶ ተመለሰ። ገጹን አየ። ነጥቡን አየ፤ ዜሮ። ይቆጣል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ይመለሳል አይደል?» አልኩ።

«አይመለስም» አለ። «ኸላስ፣ አለቀ» አለና አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያ እጅ ደግሞ ተመልሶ ትራሱ ላይ ተቀመጠ።

ጓዳ ገባሁና በርሜሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ለሱ የቀረችው አንዲት ነገር ነበረች፤ እሷንም እኔ ከረጢት ገዛሁባት። ከሥሬ ሳጥኑ አለ፣ ከግድግዳው ወዲያ ባለቤቱ አለ፣ እኔ መሀል ላይ ሁለቱንም የማላገናኝ ከንቱ ሆኜ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ተሳስቻለሁ ሐሮን። የጠበቅከውን ነገር ነው ያበላሸሁት፤ አውፍ በለኝ» አልኩት። ለሰባ ልጅ በሚሰማ ድምፄ ሳይሆን ለሱ ብቻ በሚሰማ ነው ያልኩት።

 ከዚያ ግድግዳውን እያየ «ሃያ ስድስት ዓመት እኔን ያለ ምሳ ከቤት አስወጥተሽኝ አታውቂም» አለ። «አሁን ደግሞ ለሌባ ስንቅ ቋጠርሽ።» ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዞረና ግራ እጁን ዘረጋ። «አምጪ ጆይስቲኩን። በስንቃችን እንሞታለን።»

ሞትንም። ሰባተኛው ቦስ የበሩ ጠባቂ ነው፤ የብረት ቆብ የደፋ፣ በአንድ እጁ ፋኖስ በአንድ እጁ መዶሻ የያዘ፣ የበሩን ቁልፍ ወገቡ ላይ ያንጠለጠለ ጉድ። መጀመሪያ ስንጠጋው በፋኖሱ አብርቶ አየን፣ ሞትን። ሁለተኛ ጥላ ውስጥ ተደብቀን ሳለ ማንጎ ጣሪያችን ላይ ዷ! ሲል ደንግጬ የመምቻውን በተን ተጫንኩ፣ ሌባው ቦሱን በጥፊ መታው፣ ሞትን። ሦስተኛ ደህና አድርገን ከኋላው ስንደርስ መብራት ጠፋ። በጨለማው ቴሌቪዥን ውስጥ ሁለታችንም ተጣብቀን ተቀምጠን እንታያለን። ሐሮን ምስላችንን አየና «ደህና እንመስላለን» አለ። መብራቱ ሲመጣ ሞትን። በየመሀሉ ያቺን ቅጠል እያወጣሁ ለሌባው አቀምሰዋለሁ፤ ከረጢቴ ቢያንስ ሞታችንን አዘግይቶልናል።

ሐሮን ደከመው። «አየሽ፣ ማነቅ የግድ ነበር» አለ። ድምፁ ውስጥ ያ የኸላስ ነገር ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁ።

ጋሽ ተሊላ ማንጎ እየላጡ ነበር። ቢላቸውን አስቀመጡ።

«እኔ ልናገር?» አሉ። «ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሜያለሁ። አንድም ቀን ሌባ አድክሞኝ አያውቅም። ሌባ ሲመጣ ትነሳለህ፣ ዱላህን ትይዛለህ፣ ያልቃል። ዘበኛን የሚያደክመው ጠሪ ነው። ከወዲህ 'ተሊላ!' ይሉሃል። ስትሄድ ከወዲያ 'ተሊላ!' ይሉሃል። ክፈት ይሉሃል፣ ዝጋ ይሉሃል። ማታ ቤትህ ስትገባ እግርህ ያንተ አይደለም። ይሄንን ሰውዬ ለምን ትመቱታላችሁ? ጥሩት እንጂ!»

ሐሮን ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። እኔም ወደሱ ዞርኩ። ሩቅ ፉጨት!

በማግስቱ ከሰዓት ከዝናቡ በኋላ ተቀመጥን። ጋሽ ተሊላ ገና አልመጡም። ሐሮን ሌባውን ከአንድ ምሰሶ ሥር ደበቀው። እኔ በግራ ጥግ አፏጨሁ። ቦሱ ፋኖሱን አንስቶ ወደ ግራ ሄደ። በቀኝ ጥግ አፏጨሁ። ተመለሰ። እኔን ማፏጨት ማን ይከለክለኛል? በተኗም በማንጎ ጭማቂ ተጣብቃ አንዴ ስጫናት ሁለት ሦስቴ ታፏጫለች። ከጓሮ ጠራሁት፣ ከሰገነት ጠራሁት። መጀመሪያ ይሮጥ ነበር፣ ቀጥሎ ይራመድ ጀመር፣ በመጨረሻ እየጎተተ መጣና መዶሻውን መሬት ላይ ጣለው። ፋኖሱን አስቀመጠ። በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፋ። የጋሽ ተሊላ እግር ትዝ አለኝና አሳዘነኝ።

«አሁን» አለ ሐሮን በሹክሹክታ። «ቁልፉን ስትወስጂ ከኋላ ያለችውን በተን ተጫኚና ያዣት። መስመሩ እስኪሞላ እንዳትለቂያት። ከለቀቅሻት ይነቃል፣ ከመጀመሪያው በር እንጀምራለን።»

ሌባው ተጠጋ። በሌባ ጣቴ የኋላዋን በተን ተጫንኩ። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ቀስ እያለች መሙላት ጀመረች። ትንፋሼን ዋጥኩ። ሐሮንም ዋጠ። መስመሯ ግማሽ ደረሰች።

«ኡሁ ኡሁ! ቤቶች!»

እኔ ምን አደረግኩ? እንዴት እንዳደግኩ ነግሬያችኋለሁ። «ግቡ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ነጠላዬን እያስተካከልኩ በሩ ጋ ደረስኩ። እዚያ ስደርስ ነው እጄ ባዶ መሆኑ የታወቀኝ። ያንን ቦስ ስንት ጊዜ በፉጨት ከቦታው ካነሳሁት በኋላ፣ እኔን ደግሞ በአንድ ሳል አነሱኝ!

«አንተ! ወዴት ትሄዳለህ! ተመለስ! አንተ!»

ከዚያ ጩኸቱ ቀጥ አለ። ሁሉ ነገር አበቃ ብዬ፣ ያ ፊት ወደ ግድግዳው ሲዞር እየታየኝ፣ ዞር አልኩ።

ሐሮን ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ይዞታል።

ቀኝ እጁ ትራሱ ላይ የለም። ሌባ ጣቱ ታጥፋ የኋላዋን በተን ተጭናለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ግን ተጭናለች። ዓይኑ መስመሯ ላይ ነው። እጁን ከነመኖሩ ረስቶታል።

ጋሽ ተሊላ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው «አካም...» ሊሉ ሲጀምሩ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። የኔን እንባ አዩ፣ የሱን እጅ አዩ። ሠላሳ ዓመት በር የጠበቁ ሰውዬ ጫማቸውን ደፍ ላይ አወለቁ። ሰላም ሳይሉ፣ ደህና ዋላችሁ ሳይሉ፣ በጣቶቻቸው ቆመው፣ ማንጎዋቸውን እንደታቀፉ ኮቴያቸውን አጥፍተው ገቡ። ሁለታችን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። እኔ በሆዴ ያረቢ፣ ያረቢ እላለሁ።

መስመሯ ሞላች። ቁልፉ ወጣ። በሩ ተከፈተና ያቺ እህት ሮጣ መጥታ ሌባው ላይ ተጠመጠመች።

«ያ ሰላም! አለፍን! አለፍክ!» አለ ሐሮን። ከዚያ ዝቅ ብሎ እጁን አየ። እኔም አየሁት። ጋሽ ተሊላም አዩት። ሐሮን ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ዘረጋቸው። ፊቱ ተጨማደደ። መልሶ አጠፋቸው፤ ሙሉ አልታጠፉም፣ ግማሽ። እንደገና ዘረጋቸው።

ለረዥም ጊዜ እንዲያ ሲያጥፍ ሲዘረጋ ቆየ። ጋሽ ተሊላ ማንጎ ለመላጥ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ከሐሮን እጅ ስለማይነቀል ከላጡት ይልቅ የጣሉት ይበዛል። ከዚያ ሐሮን ጆይስቲኩን አነሳና የፉጨቷን በተን ጫን ጫን አደረጋት።

«ተጣብቃለች። ማንጎ ገብቶባታል። ተፈትታ መጠረግ አለባት» አለ። እጁን እያየ ትንሽ አሰበ። «ትንሿን ካቻቢቴ አምጪልኝ።»

ደነገጥኩ። «ሳጥኑ... ኸሊፋ ጋ...»

«ከበርሜሉ ውስጥ» አለ።

ጋሽ ተሊላ ማንጎ መላጣቸውን አቆሙ።

«ማን ነገረህ?»

«ያን ቀን በጓሮ ስትገቢ ሰማሁሽ፣ በርሜሉንም ስትከፍቺ። አጥሩ ጋ ስትደርሺ ሳልሽ እኮ።»

ሳልኩ? የገዛ አጥሬ ጋ፣ ተደብቄ ልገባ፣ ሳልኩ? ጣሪያውን አየሁ። ያቺ የኮራሁባት ስርቆቴ!

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ጣቱን አንዴ አጥፎ ዘረጋ። «ከወደቅኩ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም» አለኝ። «ሳጥኑ እቤት እንዳለ ያወቅኩ ቀን ተኛሁ።»

 ካቻቢቴውን ላመጣ ተነሳሁ። እንባዬን እንዳያዩብኝ በዝግታ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ ወደ ጓዳው ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ሳልኩ።